ከቀኝ የዞረው ቁጥር

ልጄ ያላጠፋችውን አጠፋች ብለው ጻፉባት። ወረቀቱን ደግሞ አሽገው በእኔው በአባቷ እጅ ላኩት። ከፊዚክስ ክፍል ቢሮ እስከ ሬጅስትራር ድረስ ሩቅ አይደለም። ዝናብ ስለነበር ፖስታው እንዳይረጥብ ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ወሰድኩት። ማንበብ አልችልም ነበር። የላኩኝም ያውቃሉ፤ የጽዳት ሠራተኛ ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ አያነብም።

ውስጡ የነበረውን ዛሬ በቃሌ እላለሁ፦ «በተማሪዋ ቸልተኝነት ምክንያት የሙከራው ውጤት ስለተዛባ የመመረቂያ ሥራዋ ተቀባይነት አላገኘም።» በሕይወቴ ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ያን ጊዜ ልጄ ሀዋ ሳዑዲ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።

ስሜ ይመር ነው። ትውልዴ ወግዲ፣ ኑሮዬ መካነ ሰላም። የሀዋ እናት የሞተችው ልጅቷ ገና ጥርሷን ስትነቅል ነው። ሌላ አላገባሁም፤ ሌላ ልጅም የለኝም። እዚህ ከተማ ያለው የከፍተኛ ትምህርት ግቢ ሲከፈት በጽዳት ተቀጠርኩ። ዓመታት አልፈው ሀዋ እዚያው ፊዚክስ ደረሳት። እኔ በምጠርገው ክፍል እሷ ትማር ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ያሳፍራል የሚሉኝ ነበሩ። ሀዋን አላሳፈራትም። በጓደኞቿ መሀል ስታልፍ «አባ፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» ትለኝ ነበር፤ ወለሉን ያረጠብኩት እኔው ሆኜ።

የመመረቂያ ሥራዋ አንድ ክብ የብረት መቆሚያ ነው። መሀሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የታሸገች ነገር አለች፤ ሶዲየም ይሏታል። ዙሪያዋን ስድስት ዲቴክተሮች ቆመዋል። ዓይን የማያየውን ብርሃን ይቆጥራሉ። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ተደግፌ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከዚህች ቁልፍ ፖዚትሮን የሚባል ይወጣል» አለች። «የኤሌክትሮን ተቃራኒ ነው። ኤሌክትሮን ሲያገኝ ተያይዘው ጥቂት ይቆያሉ። ፖዚትሮኒየም ይባላሉ። እንደ ባልና ሚስት ይቁጠሯቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለቱም ይጠፋሉ። ብርሃን ብቻ ይተዋሉ።»

«ስንት ጊዜ ይኖራሉ?»

«ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆዩም።»

«ታዲያ ከእናትሽና ከእኔ በምን ተለየ?» አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። ቀጥላ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ አንዳንዴ ሦስት ብርሃን ይወጣል፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ከትልቁ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ትንሹ ሲኬድ ዙሩ ወይ በቀኝ ነው ወይ በግራ። «የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፍጥረት ቀኝና ግራን ያበላልጣል ወይ? ካላበላለጠ ሁለቱ ዙሮች እኩል መውጣት አለባቸው።»

«ካበላለጠስ?»

«ካበላለጠ፣ አባ፣ የሊቃውንቱ መጽሐፍ ይቀደዳል።»

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቤተ ሙከራው ጣሪያ አፈሰሰ። ሀዋ ገመዶቹን ነቃቅላ ዲቴክተሮቹን ላስቲክ አለበሰችና ለፈተና ጥናት ሄደች። ጠዋት ገብቼ ላስቲኩን ስገልጥ ዲቴክተሮቹ ላይ የነበሩት የቁጥር ወረቀቶች ረጥበው ወልቀዋል። የቀረው በር ፊት ያለው የአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቶቹን ፀሐይ ላይ አደረቅኩ፤ ማስቲሽ ቀብቼ በየተራቸው መልሼ ለጠፍኩ። ልጄን ሥራ ያገዝኳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝ።

ሀዋ ስትመለስ ገመዱም ቁጥር አለው፣ ዲቴክተሩም ቁጥር አለው፤ ቁጥር ከቁጥር አገናኝታ ሰካች። ከጥቂት ቀን በኋላ አማካሪዋ መምህር ደምሰው በኮሪደሩ እየሮጠ ሲመጣ አየሁት። ብርሃኑ ወደ አንድ ወገን አድልቷል። ለእኔ ሳይቀር እጁን ዘርግቶ «ጋሽ ይመር፣ ልጅዎ ታሪክ ሠራች» አለኝ። ሀዋ ግን «አይመስለኝም፣ መምህር፤ ደግመን እንየው» አለችው። አልሰማትም። ወዲያው ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ጻፈ። መልሱ መጣ፦ መሣሪያችሁን ፈትሹ። መምህር ደምሰው ፈተሸ፤ በር ፊት ያለውን አንድ ቁጥርንና ትይዩውን አራት ቁጥርን አይቶ ትክክል ናቸው አለ። ስለዚህ ጥፋቱ የልጅቷ ሆነ፤ ደብዳቤውም ተጻፈ፤ እኔም አደረስኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት የዚያን ዕለት ማታ፣ ራት አልበላም ስትል።

«አልተሳካም፣ አባ። ዓመት ድገሚ ብለውኛል።»

«ድገሚያ። ዓመት ምን አላት?»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «አልደግምም» አለች። በሁለተኛው ወር በደሴ አድርጋ ሄደች።

የሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ የሚሰጧት ዓርብ ለትንሽ ደቂቃ ነው። በቀረው ቀን ስትችል መልእክት ትልካለች። እሱን የሚያነብልኝ ባለሱቁ ኢብሬ ነበር፤ ጮክ ብሎ፣ ደንበኛ ፊት። «ናፍቀውኛል ትላለች፣ አያ ይመር። ሁለት ሳሙና ነው ያልሽው፣ እህት? የሚደርብ ይልበሱ፣ ብርዱን አውቀዋለሁ ትላለች።» የልጄ ናፍቆት በሳሙናና በዘይት መሀል ሲነበብ አንድ ዓመት ቻልኩ። ከዚያ ቀበሌው ባዘጋጀው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ጓደኞቼ «ሸህ ልትሆን ነው ወይስ ዳኛ?» እያሉ አሾፉብኝ። ፊደሉን ስይዝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ሳጥኗ ውስጥ ትታው የሄደችው የደብዳቤው ግልባጭ ሆነ። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። የእኔ ልጅ ሻይ የጠጣችበትን ብርጭቆ ሳታጥብ አትተኛም ነበር።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርቱካን የምትባል አዲስ የፊዚክስ መምህርት መጋዘን እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። የደሴ ልጅ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ወላሂ በማለት ግን ትበልጠኛለች። አንቱ ስላት «አንቺ ይበሉኝ፣ አለበለዚያ ቁልፉን ራሴ እፈልጋለሁ» ብላኝ ነበርና አንቺ እላታለሁ።

ከተሰበሩ ወንበሮች ስር አንድ ሳጥን ጎትታ አወጣች። ክዳኑ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች፤ የተጻፈበትን ስም አነበበችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ሀዋ ይመር ምንዎ ናት?»

«ልጄ።»

«እዚህ ነበረች?»

«ነበረች።»

መቆሚያውን፣ ዲቴክተሮቹን፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ከታች ሰማያዊ ደብተር ነበር። እጇ ስለቆሸሸ «እስቲ ይያዙልኝ» ብላ ሰጠችኝ። የሀዋን እጅ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አንብቤ አላውቅም፤ ስልክ የእጅ ጽሑፍ የለውም። መስኮቱ ጋ ሄጄ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። እንደ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦

«ቁጥሮቹን ዛሬ አየሁ። አንድና አራት ቦታቸው ናቸው። ሁለትና ስድስት ተቀያይረዋል። ሦስትና አምስትም። እኔ የለጠፍኩት በነጭ ሙጫ ነበር፤ ይኼ ማስቲሽ ነው። አባ ናቸው። ብናገር ያባርሯቸዋል። አልናገርም።»

«ያባርሯቸዋል» የምትለውን ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ በትክክል አንብቤያት እንደሆነ ለማወቅ።

እውነቱን ልናገር። ደብተሩን ካፖርቴ ውስጥ ልከተው አስቤ ነበር። ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶኛል። መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ደብተሩ ቢጠፋ የሚፈልገው የለም። ሦስት ዓመት የሰው ወለል የምትጠርገው ልጄ ራሷ አልናገርም ብላ ጽፋለች። የሷን ቃል ላክብር ብዬ ራሴን ልሸነግል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ምናልባት ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ቆምኩ።

«ምን ይላል?» አለች መምህርት ብርቱካን፣ ሳትዞር።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይላል።»

ዞረች። ደብተሩን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ዲቴክተሮቹን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ቁጥር ቢቀያየር ምን ያመጣል?» አልኳት። «ስድስቱም እኩያ አይደሉም?»

«እኩያ አይደሉም። አንዱ ዓይኑ ስል ነው፣ አንዱ ደካማ። ስለዚህ ለደካማው የሚጨመርለት፣ ከስሉ የሚቀነስበት ማረሚያ አለ። ማረሚያው የተጻፈው በቁጥራቸው ነው።»

«የአንካሳውን ምርኩዝ ለጤነኛው ሰጠሁት በይኛ።»

«ወላሂ እንደሱ ነው። እስቲ ያኔ እንዴት እንደለጠፉ ያሳዩኝ።»

መቆሚያውን አቆመች፤ ዲቴክተሮቹን በደብተሩ ላይ ባለው ሥዕል መሠረት አስቀመጠች። ቁጥሮችን በአዲስ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አንድን በሩ ፊት አደረግኩ። ሁለትን በቀኜ ካለው ላይ፣ ሦስትን ከሱ ቀጥሎ፤ እንዲህ እያልኩ እስከ ስድስት ዞርኩ።

«ለምን ወደ ቀኝ?»

«ወደ ግራ ማን ይጀምራል? እናንተ ቤት እንግዳ እጅ ስታስታጥቢ በየት በኩል ነው የምትዞሪው?»

አፏን ከፍታ ቀረች። «በቀኝ» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ በግራ ብዞር ማንቆርቆሪያውን ትቀማኝ ነበር። ሀዋ ግን እንደ ሰዓት ነው ያዞረችው። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። እንግዳ ነው ያስታጠብኩት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ለኔ የሳቅ ጊዜ አልነበረም፤ ግን ሳቅኩ።

ከዚያ ነገሩን ገለጸችልኝ። በቃል ብቻ ብንናገር ማንም አይቀበለንም። ሙከራውን መድገም አለብን፤ መጀመሪያ በእኔ ቁጥር፣ ቀጥሎ በሀዋ ቁጥር። በእኔው ካዘነበለና በሷ ከተስተካከለ ልጄ ነጻ ናት፤ ውጤቷ ይመለሳል፤ ዲግሪዋን ታገኛለች፤ ያንን ይዛ አገሯ ገብታ መሥራት ትችላለች። በሁለቱም ካዘነበለ ግን ጥፋቱ የሀዋ ሆኖ ይቀራል፤ እኔም በከንቱ ራሴን አስባርሬያለሁ።

«አንድ ችግር አለ» አለች ያቺን የሶዲየም ቁልፍ በጉጠት አንሥታ። «ይቺ ደክማለች። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ግማሿ ያልቃል።»

«ሀዋ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏል።»

«እንግዲህ ከግማሽ በታች ነው የቀረው። ያኔ በአንድ ቀን የተቆጠረው አሁን ሁለት ቀን ያልፈዋል። መጠበቅ ነው።»

መጠበቅን ለኔ ታስተምረኛለች። ያቺ ቁልፍ በሦስት ዓመት ከግማሽ በላይ አልቃለች፤ በኔ ውስጥ ያለው ግን አልተጋመሰም። ይህን አልነገርኳትም። «እንጠብቃለን» አልኳት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መቁጠር ጀመረ። እሁድ ሥራ የለኝም፤ መጣሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ምሰሶ ይታያል፤ አንዱ የቀኝ ዙር፣ አንዱ የግራ ዙር። እንደ ዘገምተኛ ቡቃያ ከፍ ይላሉ። ጠዋት እኩል ይመስሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግራው በፀጉር ስፋት በለጠ። በጥቂቱ ስለሆነ ዓይኔን አላመንኩም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ፤ መሣሪያው በመጠባበቂያ ባትሪ መቁጠሩን ቀጠለ። መምህርት ብርቱካን ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አታውቅም። ባትሪው በየጊዜው ይጮሃል፤ እሷ ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። በዚያ መሀል በሩ ተከፈተና መምህር ደምሰው ገባ። አሁን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው ያለው፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ወሬው ደርሶታል።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አላት።

ነገረችው። ደብተሩን ሰጠችው። አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ጽዳት ስለ ፖዚትሮኒየም የሚያስረዳው?»

«ስለ እሱ አይደለም ያስረዳሁት» አልኩት። «ስለ እጅ ማስታጠብ ነው። በእሱ ከርስዎ አላንስም።»

«ጋሽ ይመር፣ አባት ነዎት፤ ይገባኛል። ለልጅዎ ብለው ራስዎን ጥፋተኛ እያደረጉ ነው። ይህን ማንም አባት ያደርጋል።»

ይህ ቃሉ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። እውነት ስናገር አባትነቴ ሐሰተኛ አደረገኝ።

«መምህር» አልኩት፣ «ያንን ደብዳቤ ለሬጅስትራር ያደረሰው ማን እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«የቱን ደብዳቤ?»

«ስለ ሀዋ የተጻፈውን።»

አሰበ። ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አየሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መብራቱ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሦስታችንም የባትሪውን ጩኸት ስንሰማ ቆየን። ባትሪው አልከዳንም።

ያን ዕለት ከሰዓት የእኔ ቁጥር ተራ አበቃ። ግራው ምሰሶ በግልጽ በልጧል። መምህር ደምሰው ስልኩን አውጥቶ የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ ውጭ የላከውን ሥዕል ፈልጎ አገኘ፤ ከኮምፒዩተሩ ጎን አስጠጋው። አንድ ዓይነት ነው።

«ይህ የሚያሳየው መሣሪያው እንደሚያዘነብል ብቻ ነው» አለ። ድምፁ ግን የጠዋቱ አልነበረም።

መምህርት ብርቱካን ገመዶቹን ነቅላ ሁለትን ወደ ስድስት፣ ሦስትን ወደ አምስት አዛወረች። እንደገና ሁለት ቀን። ማክሰኞ ስጠርግ አንዱን ኮሪደር ሁለቴ ጠረግኩት። በየሰዓቱ ገብቼ አያለሁ። ምሰሶዎቹ አንዴ ይሄ ይቀድማል፣ አንዴ ያ። ማክሰኞ ማታ ላይ ግራው ትንሽ ቀድሞ ነበርና ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም።

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጠሩኝ። መምህር ደምሰው ከእኔ በፊት ደርሶ ቆሟል። መምህርት ብርቱካን እስክሪብቶዋን በሁለቱ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ አጋደመች። ቀጥ ብላ ተኛች፤ ወዲያም ወዲህም አላለችም።

«ፍጥረት አያበላልጥም» አለች። «ሀዋ ልክ ነበረች።»

መምህር ደምሰው እስክሪብቶዋን ብዙ አያት። «አንድንና አራትን ብቻ ነው ያየሁት» አለ ለራሱ በሚመስል። «ስድስቱንም ማየት ነበረብኝ።» ይቅርታ አላለኝም። ለኮሚቴው የሚቀርበውን ማመልከቻ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ፤ የራሱንም ስም ከተሳሳቱት ጋር አስገባ። ይህን አልክድበትም።

ሀዋ ዓርብ ስትደውል ነገርኳት።

«ለምን አነበቡት፣ አባ?» አለች።

«ማንበብ ስለቻልኩ።»

«ቢያባርሩዎትስ?»

«ያባርሩኝ። አንቺ ለኔ ብለሽ ስትሄጂ አማክረሽኛል?»

የሷን ልቅሶ ከሄደች ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የተማራችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ቸልተኝነት» ብላችሁ ስትጽፉ ቃሏ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። እኛ ቤት ግን ሦስት ዓመት ፈጅታለች። መሬት ላይ ያለውን ስድስቱንም ቁጥር ሳታዩ አትጻፉ። ሲነበብላችሁ የምትሰሙ፣ ፊደል ያልቆጠራችሁ ደግሞ በእጃችሁ ምን እንደምታደርሱ እወቁ፤ አርጅቻለሁ አትበሉ። እኔን ያየ አርጅቻለሁ አይልም። ቀለም የገባኝ ለልጄ መልእክት ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ልጄ የደበቀችልኝን ነው። አንዳንድ ቀን ባላነበብኩት እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ወዲያው እመለሳለሁ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ራሴ አንብቤ ፈረምኩ። ወደ በር ጥበቃ አዛወሩኝ። ኮሚቴው ግን አራት ወር ወሰደ። የዲግሪዋ ወረቀት ተሠርቶ ሬጅስትራር ተቀምጧል፤ ባለቤቷ በአካል ቀርባ ትውሰድ ይላል። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ዘንድ ነው፤ ኮንትራቷም ገና አላለቀም። ኢንሻአላህ ትላለች፤ እኔም ኢንሻአላህ እላለሁ። ከደሴ መኪና በገባ ቁጥር ግን ከበሩ ወጣ ብዬ የሚወርዱትን እቆጥራለሁ።

የኮሚቴው ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት ደወለች። «ላንብብልሽ?» አልኳት። አነበብኩላት፦ «ለሙከራው መዛባት ምክንያቱ የተማሪዋ ቸልተኝነት አለመሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ቀደም ሲል የተጻፈው ተሽሯል።» ቀስ እያልኩ ነው፤ «ተረጋገጠ» ላይ ተሰናክዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደምንም ጨረስኩት።

«ሀዋ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ይድገሙልኝ፣ አባ። ሲያነቡ ሰምቼዎት አላውቅም።»

ደገምኩላት። ሦስተኛውን ሳልጨርስ እመቤቷ ጠራቻት።

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።